የ1925ቱ ቶርኔዶ 695 ሰው የፈጀው ለምንድን ነው? መኪና ውስጥ ገብቶ መሸሽስ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቴክሳስ፣ ጋርላንድ፣ የአፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምድር ቤት የሚባል ነገር የለንም። ልጄ በ1925 አንድ ቶርኔዶ ሦስት ግዛት አቋርጦ 695 ሰው ገደለ የሚል ንባብ ከትምህርት ቤት ይዞ መጣና ከዚያ ወዲህ ደመና በጠቆረ ቁጥር እንቅልፍ የለንም። ያን ያህል ሕዝብ ያለቀው በዚያ ዘመን ቤቱ ደካማ ስለ ነበር ነው? ባለቤቴ ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ልጆቹን መኪና ውስጥ አስገብቶ መሸሽ ይሻላል ይላል። እናቴ ደግሞ መስኮቱን ክፈቱትና ነፋሱ አልፎ ይሂድ ትላለች። ማናቸው ናቸው ልክ?»

ምላሽ፦ ሁለቱም አይደሉም። ለምን እንዳልሆኑ የሚገባን ግን ልጅዎ ያመጣውን ታሪክ በቅርበት ስናየው ነው፤ «ቤቱ ደካማ ስለ ነበር» የሚለው ግምት የእውነቱን ጥቂት ክፍል ብቻ ይዟልና።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይለይ። ቶርኔዶ በአገራችን በበጋ ሜዳ ላይ አቧራና ገለባ እያነሳ ከሚሽከረከረው አውሎ ጋር መልኩ ቢመሳሰልም አፈጣጠሩ ሌላ ነው። ያ አውሎ ፀሐይ ካጋለችው መሬት ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ሲሆን ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ይፈጠራል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ራሱን ያጠፋል። ከባዱ ቶርኔዶ ግን ሱፐርሴል ከሚባል፣ ራሱ ከሚሽከረከር ግዙፍ የነጎድጓድ ደመና ሥር የሚወርድ ነው። ደመናው እስከቆየ ድረስ ምግቡን ከላይ ያገኛል፤ ስለዚህ ብዙ መንገድ ሊጓዝ ይችላል። እናትዎ ነፋሱ «አልፎ ይሂድ» ሲሉ በልባቸው ያለው የመጀመሪያው ዓይነት ይመስለኛል።

የ1925ቱ የሁለተኛው ዓይነት የመጨረሻ ጫፍ ነበር። ረቡዕ ማርች 18 ቀን 1925፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 9 ቀን 1917 ዓ.ም.፣ ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት ገደማ ሚዙሪ ውስጥ ኤሊንግተን አጠገብ ተነሣ። የሚሲሲፒን ወንዝ ተሻግሮ የኢሊኖይን ደቡብ ሰነጠቀና 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ኢንዲያና ውስጥ ፒተርስበርግ አካባቢ ጠፋ። በመዝገብ የሰፈረው የጉዞው ርዝመት 352 ኪሎ ሜትር ሲሆን በአሜሪካ ታሪክ ከዚህ የረዘመ የቶርኔዶ መንገድ አልተመዘገበም። በ2013 የታተመ የሳይንቲስቶች ዳግም ምርመራ ግን መንገዱን እርሻ በእርሻ ተከታትሎ አንድ ጥንቃቄ አክሎበታል። ሳይቋረጥ በአንድ ቶርኔዶ እንደ ተመታ በሙሉ ልብ መናገር የሚቻለው 243 ኪሎ ሜትር ያህሉን ነው፤ ምናልባትም እስከ 280 ይደርሳል፤ የቀረውን ያው ደመና የወለዳቸው ሌሎች ቶርኔዶዎች ያደረሱት ሊሆን ይችላል። ይህ ለሟቾቹ የሚለውጠው ነገር የለም። ቢሆንም ቁጥሩ ሲጠቀስ መታወቅ አለበት።

ብዙ ጊዜ «የዓለም ገዳዩ ቶርኔዶ» ሲባል ይሰማል፤ ይህም ስሕተት ነው። በአሜሪካ ታሪክ ቀዳሚው ነው እንጂ ኤፕሪል 26 ቀን 1989 በባንግላዴሽ ዳውላትፑርና ሳቱሪያ የሚባሉ ቦታዎችን የመታው ቶርኔዶ 1,300 ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። በአሜሪካ ሁለተኛው የ1840ው የናቼዝ፣ ሚሲሲፒ ቶርኔዶ ሲሆን በመዝገብ ያለው 317 ሟች ነው። በየእርሻው በባርነት የነበሩ ጥቁሮች ሞት በቅጡ ተቆጥሮ ስለ መሆኑ ግን የታሪክ ሰዎች ይጠራጠራሉ። የሟች ቁጥር ማን እንደ ቆጠረና ማንን ሰው ብሎ እንደ ቆጠረ አብሮ የሚናገር ነገር ነው።

ወደ 695ቱ እንመለስ። ከእነዚህ ውስጥ ከ600 በላይ የሚሆኑት የሞቱት በኢሊኖይ ነው፤ ከጎርሃም እስከ ፓሪሽ ባለው መንገድ ላይ ብቻ በ40 ደቂቃ ገደማ ውስጥ 541 ሰው አለቀ። በሦስቱ ግዛቶች የቆሰሉት ደግሞ ከ2,000 በላይ ናቸው። መርፊስቦሮ ከ10,000 የሚበልጥ ነዋሪ ያላት፣ የባቡር ጥገና ሠራተኞች የሚኖሩባት ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ብቻ 234 ሰው ሞተ። እስከ ዛሬ በአሜሪካ አንድ ቶርኔዶ በአንዲት ከተማ ውስጥ ይህን ያህል ሰው ገድሎ አያውቅም። እዚያ ነፋሱ ሲያልፍ መከራው አላበቃም፤ በየቤቱ ይነድ የነበረው የከሰል ምድጃ በፍርስራሹ ላይ ተገልብጦ እሳት ተነሣ። የውሃው አቅርቦት ተቋርጦ ስለ ነበር እሳት አጥፊዎቹ ቱቦ ይዘው ቆመው ቀሩ። ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት የነበሩ ሰዎች እሳቱ ደረሰባቸው።

ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ዲ ሶቶ ትንሽ ከተማ ነበረች። 69 ሰው ሞተባት፤ ከነዋሪዎቿ ከአሥሩ አንዱ ማለት ነው። ከእነዚህ 33ቱ የሞቱት በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሲሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም ሕፃናት ነበሩ። ቶርኔዶ በአንድ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን ያህል ሕይወት ያጠፋበት ሌላ ጊዜ የለም። ሰዓቱን ልብ ይበሉ፤ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ተኩል አልፏል፤ ልጆቹ ገና ክፍል ውስጥ ነበሩ።

እዚያው ኢሊኖይ ውስጥ ያለችውን የዌስት ፍራንክፈርትን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የሚከብደኝ ሌላው ገጹ ነው። ከተማዋ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ከተማ ነበረችና ወንዶቹ በዚያ ሰዓት ከምድር በታች 150 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ በሥራ ላይ ነበሩ። ኤሌክትሪኩ ድንገት ጠፋ፤ ማንሻው ቆመ። ከላይ ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ በጠባቡ የማምለጫ ጉድጓድ በጨለማ አንድ በአንድ እየተከታተሉ ወጡ። ሲወጡ የጠበቃቸው የራሳቸው ሰፈር ፍርስራሽ ነበር። በከተማዋ ከሞቱት ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። የወትሮው ፍርሃት ወንዱ ጉድጓድ ገብቶ ይቀራል የሚል ነበር፤ በዚያን ቀን ጉድጓዱ አተረፋቸው፤ ቤቱ ገደለ።

እንግዲህ ምክንያቱ ምንድን ነው? ቤቱ ደካማ መሆኑ አንዱ ነው፤ አልክድም። ከጣውላ የተሠሩት የሠራተኛ ቤቶች ከመሠረታቸው ተነሥተው ሄዱ። ነገር ግን ሕፃናቱ ከሞቱባቸው ትምህርት ቤቶች መካከል የጡብ ሕንፃዎች ነበሩ፤ በከተማው ዓይን ጠንካራ የሚባሉት እነዚያ ነበሩ። ብረት ያላሰረው የጡብ ግድግዳ ክብደቱን ይሸከማል እንጂ ከጎን የሚመጣን ግፊት አይችልም፤ ሲወድቅም በውስጡ ባሉት ላይ ነው የሚወድቀው። ዛሬ እርስዎ የሚኖሩበት ዓይነት የእንጨት አፓርትመንትም ቢሆን እንዲህ ያለውን ነፋስ ይቋቋማል ብዬ አልፈርምም። የ1925ቱ ዘግይቶ በተደረገ ግምገማ ከፍተኛው ደረጃ፣ ኤፍ 5፣ ተሰጥቶታል።

ከቤቱ ይልቅ ሁለት ነገሮች ይበልጥ ገድለዋል። አንደኛው ፍጥነቱና መልኩ ነው። ቶርኔዶው በአማካይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ እስከ 117 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ነበር። ከደመናው ጋር የተያያዘው ዝቅተኛ የአየር ግፊት ማዕከል ራሱ በዚያው ፍጥነት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይገሠግሥ ስለ ነበር ደመናው ከሚመግበው ሞቃትና እርጥብ አየር አልተለየም፤ ያን ያህል የኖረውም ለዚህ ነው። መልኩን በተመለከተ፣ ከሞት የተረፉት ሰዎች ደጋግመው የተናገሩት የዝሆን ኩምቢ የመሰለ ነገር አለማየታቸውን ነው። ያዩት መሬት ለመሬት የሚንከባለል፣ የሚፈላ የሚመስል ጥቁር ጭጋግ ነበር። ወርዱ በአብዛኛው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ነበር፣ በዝናብና በአቧራም ስለ ተሸፈነ፣ ሰማዩ በሙሉ የጠቆረ መሰላቸው። ብዙ ዝናብ መጣ ብለው ልብስ ከገመድ ላይ ለማንሣት የሚወጡበት ዓይነት ደመና ነበር።

ሁለተኛው ዝምታው ነው። የዚያን ቀን ትንበያ ስለ ዝናብና ስለ ኃይለኛ ነፋስ እንጂ ስለ ቶርኔዶ አንዲት ቃል አልነበረውም። ሊኖረውም አይችልም ነበር፤ ከ1880ዎቹ ጀምሮ «ቶርኔዶ» የሚለውን ቃል በትንበያ ውስጥ መጻፍ ተከልክሎ ነበርና። ምክንያቱ ሕዝቡ ይደናገጣል የሚል ነበር። ክልከላው የተነሣው በ1938 ነው። በአንድ ስፍራ ላይ ቶርኔዶ ይመጣል ተብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል የተተነበየው ደግሞ ማርች 25 ቀን 1948 ሲሆን ያንን ያደረጉት በኦክላሆማ የቲንከር አየር ኃይል ጣቢያ የነበሩት ፎቡሽና ሚለር የተባሉ ሁለት መኮንኖች ናቸው። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ቃሉ ባይከለከልም ኖሮ በ1925 ራዳር አልነበረም፤ ከመሬት በላይ ያለውን አየር በየሰዓቱ የሚለካ መረብም አልነበረም። ትንበያው ላይመጣ ይችል ነበር። ወሬው ግን ሊደርስ ይችል ነበር። ቶርኔዶው አናፖሊስ የምትባለውን የሚዙሪ ከተማ ካፈረሰበት ሰዓት መርፊስቦሮ እስከ ደረሰበት ሰዓት ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። የቴሌግራፍ ሽቦ ከማንኛውም ነፋስ ይፈጥናል። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ያለው ሽቦ ተበጠሰ፤ በሌላ አቅጣጫ አዙሮ «ወደ እናንተ እየመጣ ነው» ማለት ሥራው የሆነ ሰው ደግሞ በየትም አልነበረም። እኔ ከ1925 የምወስደው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ሰዎቹ የሞቱት በዋናነት ሳያውቁ ስለ ተያዙ ነው።

በማኅበረሰቡ ላይ የቀረው ጠባሳ በሟች ቁጥር አያልቅም። 15,000 ያህል ቤት ፈረሰ። ለአደጋ እርዳታ የሚሰጥ አጠቃላይ የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1950 ስለሆነ ሸክሙ የወደቀው በቀይ መስቀል፣ በጎረቤት ከተሞችና ሐኪሞችን ጭነው በመጡት ባቡሮች ላይ ነው። ቤተሰቦች በድንኳን ከረሙ። ፔኒሲሊን ገና ስላልተገኘ የቆሸሸ ቁስል ራሱ ገዳይ ነበር። መርፊስቦሮ ዳግም ተሠራች፤ ፓሪሽ ግን ወደ ቀድሞ መልኳ አልተመለሰችም። ኢንዲያና ውስጥ ግሪፊን የምትባል መንደርም ከሞላ ጎደል ጠፍታ ከባዶ ነው የተነሣችው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ ልምጣ። ይህን ጥያቄ ከጋርላንድ መጠየቅዎ ራሱ መልሱን ይዟል። ዲሴምበር 26 ቀን 2015 ምሽት ላይ ጋርላንድንና ራውሌትን በመታው ቶርኔዶ አሥር ሰው ሲሞት አብዛኞቹ የሞቱት መኪና ውስጥ ነው፤ አይ 30 አውራ ጎዳና ከጆርጅ ቡሽ መንገድ ጋር በሚገናኝበት ማሳለጫ ላይ ሲያልፉ ነበሩ። ጨለማ ነበር፤ ሳይታያቸው ገቡበት። መኪና በከባድ ቶርኔዶ ውስጥ ይንከባለላል፣ ይወረወራል። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ከወጣ ደግሞ መንገዱ ይዘጋና እዚያው ተሰልፎ መጠበቅ ይሆናል። የትኛው ጎዳና ነፃ እንደሆነ ከመሪ ጀርባ ተቀምጦ መገመትም አይቻልም። ስለዚህ ከአፓርትመንት ወጥቶ በመኪና መሸሽ በምንም ዓይነት የምመክረው አይደለም። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ በተንቀሳቃሽ ቤት (ሞባይል ሆም) ውስጥ የሚኖር ሰው ነፋሱ ገና ሩቅ ሳለ፣ ዋርኒንግ (ቶርኔዶ በራዳር ወይም በዓይን ሲታይ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ) እስኪወጣም ሳይጠብቅ፣ ጠንካራ ሕንፃ ወዳለበት መሄድ አለበት፤ እንዲህ ያለው ቤት መጠለያ አይሆንም።

ባለቤትዎ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዱ ከሆነና ሥራ ላይ ከደረሰባቸው ያገኙት የቅርብ ነዳጅ ማደያ ወይም ሱቅ ገብተው መስኮት የሌለው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይቀመጡ። ድልድይ ሥር ግን አይጠለሉ። ድልድዩ ነፋሱን አጥብቦ ያፈጥነዋል፤ ሜይ 3 ቀን 1999 በኦክላሆማ ድልድይ ሥር የተጠለሉ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ምንም ሕንፃ ከሌለ የሚቀሩት ሁለት መጥፎ ምርጫዎች ናቸው፤ ቀበቶ እንደ ታሰረ ከመስኮቱ ዝቅ ብሎ ራስን መሸፈን፣ ወይም ከመንገዱ በግልጽ ዝቅ ያለ ጉድባ ካለ እዚያ ተኝቶ ጭንቅላትን በክንድ መሸፈን። ሁለቱም ዋስትና የላቸውም።

የእናትዎ ምክር በአሜሪካም ለብዙ አሥርት ዓመታት በኦፊሴል ሲነገር የኖረ ነው፤ ስለዚህ ብቻቸውን አይደሉም። ሐሳቡ በቤቱ ውስጥና ውጭ ያለው የአየር ግፊት ልዩነት ቤቱን እንደ ፊኛ ያፈነዳዋል የሚል ነበር። ቤት የሚፈርሰው ግን ነፋሱ ግድግዳውን ገፍቶና ጣሪያውን አንሥቶ ነው። መስኮት መክፈት ነፋሱን ወደ ውስጥ ጋብዞ ጣሪያውን ከሥር እንዲያነሣው ያግዘዋል፤ ከዚያም በላይ ሰውየውን በጣም አደገኛ ከሆነው ቦታ፣ ከመስታወት ፊት፣ ያቆመዋል። መስኮቱን ይተውት።

ማድረግ ያለብዎት ይህ ነው። ዛሬውኑ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ በሕንፃዎ ምድር ላይ ከሚኖር አንድ ጎረቤት ጋር ይነጋገሩ፤ ዋርኒንግ ሲወጣ በሌሊትም ቢሆን በሩን እንዲከፍትልዎ ይስማሙ። ለእኛ ሰው ይህ ከባድ አይደለም፤ ቡና አፍልቶ መጥራት ይበቃል። ቦታው የጎረቤትዎ የመሃል መጸዳጃ ቤት ወይም የልብስ ቁም ሣጥን ክፍል ይሁን፤ በእርስዎና በውጭው አየር መካከል የግድግዳው ብዛት በጨመረ ቁጥር ይሻላል። በቴክሳስ አፓርትመንቶች የተለመደው ክፍት ደረጃና መተላለፊያ ግን መጠለያ አይደለም፤ ነፋሱ የሚያፏጭበት ቧንቧ ነው። ለመውረድ ጊዜ ካጡ በራስዎ ቤት መሃል ያለው መጸዳጃ ቤት ይሁን፤ ልጆቹን ገንዳው ውስጥ አድርገው ፍራሽ ይደርቡባቸው። ጫማና የብስክሌት ሄልሜት በአንድ ከረጢት በሩ አጠገብ ይቀመጥ። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በሚወረወር ነገር ጭንቅላት ተመትቶ ነው፤ ከዚያ የተረፈውም በባዶ እግሩ በምስማርና በመስታወት ላይ ይራመዳል።

ማስጠንቀቂያው ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ይድረስዎ። በከተማው የሚጮኸው የማስጠንቀቂያ ድምፅ (ሳይረን) የተሠራው ውጭ ላለ ሰው ነው፤ በር ዘግቶ ለተኛ ሰው አይደለም። በስልክ የሚመጣው የአደጋ መልእክት ሌሊት እንዳይዘጋ ያድርጉ፤ በተጨማሪ በባትሪ የሚሠራ የአየር ሁኔታ ራዲዮ ይግዙ። ስልኩ በአማርኛ አይናገርም፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ ለማይችሉት እናትዎ ሁለት ቃል ብቻ ያስጠኗቸው። «ቶርኔዶ ዎች» ማለት ሁኔታው ተመቻችቷልና ንቁ፣ ከረጢቱን አቅርቡ ማለት ነው። «ቶርኔዶ ዋርኒንግ» ማለት በራዳር ወይም በዓይን ታይቷልና አሁኑኑ ውረዱ ማለት ነው። በዋርኒንግና በነፋሱ መካከል ያለው ጊዜ ብዙ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ አንዳንዴም ያለ ምንም ዋርኒንግ የሚወርድ አለ።

አንድ ልማድ ግን በጥብቅ እከለክላለሁ፤ መስኮት ላይ ወጥቶ «እስኪ ልየው» ማለት። በ2011 ጆፕሊን፣ ሚዙሪ ውስጥ ሳይረኑ ነፋሱ ከመድረሱ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀድሞ ጮኾ ነበር። ብዙዎች ግን በዓይናቸው ካላዩ ወይም ሌላ ማረጋገጫ ካልሰሙ አልተንቀሳቀሱም፤ ከ150 በላይ ሰው ሞተ። እንዳልሁት የ1925ቱ ቶርኔዶ ቶርኔዶ የሚመስል መልክ አልነበረውም፤ የጋርላንዱ ደግሞ የመጣው በጨለማ ነው። በዓይን የሚጠበቀው ኩምቢ ጭራሽ ላይታይ ይችላል።

ስለ ልጅዎም አንድ ነገር። ዋርኒንግ ከወጣ በኋላ ልጅ ለማምጣት ወደ ትምህርት ቤት አይንዱ። ዲ ሶቶ ውስጥ መምህሩም ተማሪውም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ዛሬ ትምህርት ቤቶች የመጠለያ ልምምድ አላቸው፤ ልጅዎም በየትኛው ኮሪደር፣ በየትኛው ግድግዳ ሥር እንደሚንበረከክ ሳይነግርዎ አይቀርም። ካልነገርዎ ነገ ጠዋት ይጠይቁት፤ የትምህርት ቤቱንም ዕቅድ ከቢሮው ይጠይቁ። በዚያ ሰዓት እርስዎ መንገድ ላይ መሆንዎ እሱን አይጠቅመውም።